አረንጓዴ ያልሆነችው «አረንጓዴ» ወፍ

ስለ ገነት ዝንብ ያዥ ስምና ወገን አጭር ታሪክ
ከተፈጥሮ ታሪክ ክበብ ተማሪዎች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ሕፃን ሲወለድ አባትና እናት ስም ያወጡለታል፤ አድጎም ጠባዩና ዕድሉ ከስሙ ጋራ የተስማማ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ይህንኑ ምሳሌ እየጠቀሱ ይደነቃሉ። እኛ ግን በዚህ ዓመት የአንዲት ትንሽ ወፍ ስም ከየት እንደ መጣ ስንመረምር፥ ስም አውጪው መልአክ ሳይሆን ሰው ሲሆን ምን እንደሚደርስ ለመረዳት ቻልን። የዚህች ወፍ የሳይንስ ስም «አረንጓዴ» ማለት ነው፤ እርሷ ግን አረንጓዴ አይደለችም። ዘመዷ የሆነችው የሕንድ ወፍ ደግሞ መጀመሪያ የተመዘገበችው «ቁራ» ተብላ ነው፤ ማናቸውም ሰው ቢያያት ቁራ አይላትም። ሆኖም ከሁለቱ ስሞች አንደኛው ከ200 ዓመት በላይ ቈይቶ ለእውነት የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

አስቀድመን ስለ ወፊቱ እንናገር። በግቢያችን ዛፎች መካከል ስትመላለስ ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። ራሷ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብልጭታ ያሳያል፤ በራሷም ላይ አጭር ጉትያ አላት። ዓይኗን ሰማያዊ ቀለበት ይከበዋል። ጀርባዋና ጅራቷ እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ቡናማ፥ ደረቷ ግራጫ ነው። የወንዱ ጅራት ከሴቷ ይለያል፤ ከመካከል ያሉት ሁለት ላባዎች ከሰውነቱ ይልቅ ረዝመው፥ ሲበር እንደ ጥብጣብ ይከተሉታል። ወፊቱ ከቅርንጫፍ ላይ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የሚበር ነፍሳት ስታይ ብድግ ብላ ባየር ላይ ቀልባ ትመለሳለች። ስለዚህ ፈረንጆች «ዝንብ ያዥ» ብለዋታል፤ ስለ ውበቷም «የገነት» የሚለውን ጨምረውላታል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፥ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ትኖራለች፤ ቀይ ባሕርንም ተሻግራ በደቡብ ዓረቢያ ትገኛለች። በአገራችን በጣና ዳር፥ በወንዶ ገነት ደን፥ ዛፍ ባላቸው የአዲስ አበባ ግቢዎችም ትታያለች።

ምርመራውን የጀመርነው በጠብ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚዘጋጀው ኤግዚቢሽን ለክበባችን አንድ ጠረጴዛ ተሰጥቶን ነበር። እኛም የግቢያችንን ወፎች በቀለም ሥለን፥ በየሥዕሉ ግርጌ ስማቸውን በካርድ ለመጻፍ ተስማማን። ከወፎቹ መካከል አንደኛው ረጅም ጅራት ያለው ቀይ ነበር፤ ሌላውም ረጅም ጅራት ያለው፥ ነገር ግን ጀርባውና ጅራቱ ነጭ ነበር። ከእኛ ግማሾቹ «እነዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ዝርያዎች ናቸውና ሁለት ካርድ ይጻፍላቸው» አልን። ሌሎቻችን «ነጩ ወንድ፥ ቀይዋ ሴት ናት» ብለን ተከራከርን። ሦስተኛ ወገን ደግሞ ተነሥቶ «ረጅም ጅራት ያለው ቀይም አለና እርሱን ምን ልትሉት ነው?» ሲል ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘ። ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ እስከ ምግብ ቤት ድረስ ተከተለን።

በመጨረሻ ወደ ግቢው አትክልተኛ ሄድን። «ጋሼ፥ እነዚህ ወፎች ሁለት ናቸው ወይስ አንድ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ቱቦውን አስቀምጠው ሳቁብን። «ልጆቼ፥ ጎጆውን አይታችኋል?» አሉን። «እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጽዱ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ ነጩ ሲነሣ ቀይዋ ገብታ ትታቀፋለች። እርሷ ስትነሣ ደግሞ እርሱ ይገባል። አምና ከዚሁ ዛፍ ላይ ባልም ሚስትም ቀይ ነበሩ። አንድ ጎጆ የሠሩ ባልና ሚስት በመልክ ቢለያዩ ሁለት ወገን ናቸው ትላላችሁን?» አሉን። እኛም የምንመልሰው አጣን። እውነትም ጎጆዋን ቀርበን ስናይ ከቅርንጫፍ መንታ ላይ የተቀመጠች፥ በሸረሪት ድር የታሰረች ትንሽ ስኒ መሰለችን፤ ወንዱና ሴቷም በየተራ ይታቀፉ ነበር። የሳይንስ መምህራችን ይህን ሲሰሙ «አትክልተኛው ከእናንተ ቀድመዋል፤ እንግዲህ ሊቃውንቱም እንደ እናንተ ተከራክረው እንደ ሆነ መጽሐፍ ግለጡ» ብለው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሰደዱን። ከዚህ በታች የምናወሳው ታሪክ ከዚያ የተገኘ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ካርል ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1707 ተወልዶ በ1778 የሞተ፥ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት ሊቃውንት አንድን እንስሳ ለመጥራት ረጅም የላቲን ዐረፍተ ነገር ይጽፉ ነበር፤ «እንዲህ ያለ ራስ፥ እንዲህ ያለ ጅራት ያለው፥ በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ወፍ» እንደ ማለት ነው። አንዱ ጸሓፊ የጻፈውን ሌላው ያሳጥረዋል፥ ሦስተኛው ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ሦስቱ ስለ አንድ ወፍ ይሁን ስለ ሦስት ወፎች የሚናገሩት መለየት አስቸጋሪ ነበር። ሊኔየስ «የተፈጥሮ ሥርዓት» የተባለውን መጽሐፉን በ1758 ለዐሥረኛ ጊዜ ሲያሳትም ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ሰጣቸው። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፥ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። የእኛ አገር ሰው በራሱና በአባቱ ስም እንደሚጠራ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ በሳይንስ የወገኑ ስም ከፊት መቅደሙ ነው። ዛሬ የእንስሳት ስም ሁሉ የሚቈጠረው ከዚህ መጽሐፍ ጀምሮ ነው፤ ከ1758 በፊት የወጣ ስም እንደ ስም አይቈጠርም።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ከወፋችን የቅርብ ዘመዶች አንዲቱ፥ በሕንድ የምትኖረው የገነት ዝንብ ያዥ፥ ስሟን አገኘች። ሊኔየስም «ኮርቩስ ፓራዲሲ» አላት። ኮርቩስ ማለት ቁራ፥ ፓራዲሲ ማለት የገነት ማለት ነው፤ «የገነት ቁራ» ሆነች ማለት ነው። አንዲት እፍኝ የማትሞላ፥ ዝንብ እየቀለበች የምትኖር ወፍ ከቁራ ጋራ በአንድ መዝገብ ተጻፈች። ይህን ስናነብ ከእኛ የሳቀ ብዙ ነው። ሳቃችንን ግን አንባቢ ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1760 ማቱራን ብሪሶን የተባለው ፈረንሳዊ ስለ ወፎች የሚናገር ባለ ስድስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ብሪሶን ወፎችን በመልካቸውና በአፋቸው ቅርጽ እያስተያየ በወገን የመደበ ትጉህ ሰው ነው። «ሙሲካፓ» የሚለውን የወገን ስም ያወጣው እርሱ ነው፤ ሙስካ ዝንብ፥ ካፔሬ መያዝ ማለት ነውና ትርጓሜው «ዝንብ ያዥ» ነው። ከዚያ ወዲህ ዝንብ የሚቀልቡ ትንንሽ ወፎች ሁሉ ወደዚህ ወገን መግባት ጀመሩ። ሊኔየስ ራሱ በ1766 የማዳጋስካሯን የገነት ዝንብ ያዥ «ሙሲካፓ ሙታታ» ብሎ ሰየማት። ሙታታ ማለት «የተለወጠች» ማለት ነው። የማዳጋስካሯ ወፍ እንደ እኛዋ ቀይም ነጭም ሆኖ የሚታይ ወንድ ስላላት ስሙ ደኅና ገጥሟታል።

የእኛዪቱ ወፍ ተራ የደረሰው በ1776 ነው። በዚያ ዘመን በፓሪስ ቡፎን የተባለው ታላቅ ሊቅ ስለ ወፎች ሲጽፍ፥ ማርቲኔ የተባለ ሠዓሊ ደግሞ ከ1000 በላይ የሚሆኑ የቀለም ሥዕሎችን ያዘጋጅ ነበር። የሥዕሉን ሥራ የሚቈጣጠረው ዶቦንቶን የተባለ ሰው ነበር። ቡፎን የሊኔየስን የሁለት ቃል ስም አይወድም ነበርና በሥዕሎቹ ላይ የተጻፈው የፈረንሳይኛ ስም ብቻ ነው። ከሥዕሎቹ አንደኛው «ጉትያ ያለው የሴኔጋል ዝንብ ያዥ» ይላል። በጀርመን አገር በኤርላንገን ያስተምር የነበረው ፊሊፕ ሉድቪግ ስታቲውስ ሚውለር የሊኔየስን መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፥ ስም ላልወጣላቸው እንስሳት ስም እያወጣ የሚጨምርበት ክፍል አዘጋጀ። ከፈረንሳይ የመጡትን ሥዕሎች እየተመለከተ ለየወፉ የላቲን ስም ሰጠ። የሴኔጋሏንም ወፍ «ሙሲካፓ ቪሪዲስ» አላት። ቪሪዲስ ማለት አረንጓዴ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስሙ የተመሠረተው በወፏ ላይ ሳይሆን በሥዕሏ ላይ ነው። በራሷ ላይ የሚያብለጨልጨው አረንጓዴ ቢጤ ነገር ለወፏ ሁሉ ስም ሆነ፤ ቀይ ጀርባዋንና ረጅም ጅራቷን የሚያነሣ ቃል አልተገኘም። ሚውለር በዚያው ዓመት በጥር ወር ዐረፈ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከ50 ዓመት በኋላ የሙሲካፓ ወገን እጅግ ሞልቶ ስለ ነበር ሊቃውንት ይከፋፍሉት ጀመር። ኮንስታንቲን ግሎገር የተባለው ጀርመናዊ በ1827 ለገነት ዝንብ ያዦች አዲስ ወገን አቋቁሞ «ቴርፕሲፎኔ» አለው፤ ይህም ከግሪክኛ የተወሰደ ሆኖ «ደስ የሚያሰኝ ድምፅ» እንደ ማለት ነው። ሌሶን የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1831 ለእነዚሁ ወፎች «ቺትሬያ» የሚል ሌላ የወገን ስም አወጣ። ለብዙ ዘመን አንዳንዱ መጽሐፍ ቴርፕሲፎኔ፥ አንዳንዱም ቺትሬያ እያለ ሲጽፍ ቈየ። በመጨረሻ የቀደመው ስም ረታ፤ 1827 ከ1831 ይቀድማልና። የወፋችን ሙሉ ስም ዛሬ «ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ (ሚውለር፥ 1776)» ተብሎ ይጻፋል። የሰውዬው ስምና ዓመቱ በቅንፍ ውስጥ የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅንፉ «ዝርያውን የሰየመው ይህ ሰው ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ያስገባው ወደ ሌላ ወገን ነበር» የሚል ምልክት ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅንፍ ያየ ተማሪ፥ ያ እንስሳ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የተዛወረ መሆኑን ያለ አስተማሪ ሊያውቅ ይችላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መንገደኞች ከአፍሪካ ሁሉ የወፍ ቆዳ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይልኩ ነበር። በየጊዜውም አዲስ ስም ተጨመረ። የደቡብ አፍሪካዋ በዓይኗ ቀለበት ምክንያት «ባለ መነጽር» የሚል የላቲን ስም ተሰጣት። ከኢትዮጵያ የሄደችውም የራሷን ስም አገኘች። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ጦር መኰንኖች በ1840ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ፥ በሰሜንና በአማራ አገር ተዘዋውረው ካርታ ሲያነሡና ፍጥረታትን ሲሰበስቡ ነበር። የሰበሰቧቸውን ወፎች በፓሪስ የመረመረው ጌራን ሜኔቪል የተባለ ሊቅ ነው። ይህ ሰው ይልቁንም የታወቀው ስለ ነፍሳት በማጥናት ነው። እርሱም በ1843 የገነት ዝንብ ያዧን ለፌሬ መታሰቢያ «ፌሬቲ» ብሎ ሰየማት። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘውን አንዲት ሌላ የደን ወፍ ለባልንጀራው መታሰቢያ «ጋሊኒዬሪ» አላት። ሁለቱ መንገደኞች እስከ ዛሬ በሁለት ወፎች ላይ አብረው ይኖራሉ።

እንዲህ ሆኖ ለአንዲት ወፍ ስሟ ቢበዛ ስለ ዝርያዋ ያለው ክርክርም በዛ። ቀይና ነጭ ወንዶች ስላሉ፥ የሆድ ቀለማቸውም እንደየአገሩ ስለሚለያይ ስንት ዝርያ እንደ ሆኑ ለመለየት ብዙ ድካም ሆነ። የእኛ የምግብ ቤት ክርክር በሊቃውንት ዘንድም እንደ ነበረ ስናውቅ ከእፍረታችን ጥቂት ተጽናናን። በኮንጎ ብዙ ዓመት ያጠናው አሜሪካዊው ጄምስ ቻፒን በ1948 ስለ አፍሪካ የገነት ዝንብ ያዦች መለያየትና መዳቀል አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ጽሑፍ እነዚህ ወፎች በሚገናኙበት አገር እርስ በርሳቸው እንደሚዳቀሉ ታየ። መልክ ብቻ ዝርያን አይለይም፤ ማን ከማን ጋራ ጎጆ ይሠራል የሚለው ጥያቄም መጠየቅ አለበት። አትክልተኛችን የተናገሩትም ይህንኑ ነው።

ዛሬ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉት እነዚህ ወፎች አንድ ዝርያ ሆነው፥ ዐሥር ያህል ንኡሳን ዝርያዎች አሏቸው ተብሎ ይጻፋል። የደቡብ አፍሪካው «ባለ መነጽር» የሚለው ስም እንደ ዝርያ ስም መጠራቱ ቀርቷል። «ፌሬቲ» ግን የንኡስ ዝርያ ስም ሆኖ ከሁለቱ ቃላት በኋላ በሦስተኛነት ይጻፋል። ነጩና ቀዩ ወንድ ደግሞ ንኡስ ዝርያ እንኳ አይደሉም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ፥ በአንድ አገር፥ አንዳንዴም በአንድ ዛፍ ላይ የሚገኙ ሁለት መልኮች ናቸው። ከአንድ እናትና አባት ጠይምና ቀይ ዳማ ልጆች እንደሚወለዱ ማለት ነው።

ዝርያው እንዲህ ሲለይ ሌላ ታላቅ ጥያቄ ቀረ፤ ይኸውም የዝንብ ያዦች ቤተ ሰብ ጥያቄ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በእስያ፥ በአፍሪካና በአውሮፓ ዝንብ የሚቀልቡ ብዙ ወፎች በአንድ ትልቅ ቤተ ሰብ ይመደቡ ነበር። ለምሳሌ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በ1840 «ሙሲካፓ ቾኮላቲና» ብሎ የሰየማት ወፍ አለች፤ ስሟ የቸኮላታ ቀለም ያላት ማለት ነው። እርሷም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የምትገኝ ዝንብ ያዥ ናት። እርሷና የገነት ዝንብ ያዥ ሁለቱም ነፍሳትን ባየር ይይዛሉ፤ ሁለቱም ስለዚህ እንደ እኅትማማች ተቈጥረው ነበር። በአሜሪካም ዝንብ የሚቀልቡ እጅግ ብዙ ወፎች አሉ፤ እነርሱም «ዝንብ ያዥ» ተብለዋል።

ነገር ግን ሙያ ዘመድ አያደርግም። በአንድ ገበያ ሁለት ሸማኔዎች ጐን ለጐን ቢቀመጡ፥ ሁለቱም ጉድጓድ ገብተው መወርወሪያ ቢወረውሩ፥ ከዚህ የተነሣ ወንድማማች ናቸው አይባልም። ዝንብን ባየር ለመያዝ ሰፋ ያለ አፍ፥ በአፍ ዙሪያ እንደ ፂም ያሉ ጠጕሮች፥ ፈጣን ክንፍም ይጠቅማሉ። ስለዚህ ከልዩ ልዩ ዘር የመጡ ወፎች ይህን ሥራ ሲይዙ ከብዙ ዘመን በኋላ መልካቸው እየተቀራረበ ሄደ። መልክን ብቻ ያየ ሊቅ ቢሳሳት የሚያስነቅፈው አይደለም።

እውነቱ የተገለጠው የዘር መልእክት ያለበትን ዲ ኤን ኤ የተባለውን ነገር መመርመር ሲቻል ነው። ቻርልስ ሲብሊና ጆን አልኲስት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የብዙ ወፎችን ዲ ኤን ኤ እርስ በርሱ አስተያዩ። ሥራቸውም እንዲህ ነው። ዲ ኤን ኤ እንደ ተገመደ ድርብ ክር ነው፤ ሲሞቅ ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ፥ ሲቀዘቅዝ ይገናኛሉ። የአንዱን ወፍ ነጠላ ክር ከሌላው ወፍ ነጠላ ክር ጋራ ቢያገናኙት፥ ዘመዳሞች ከሆኑ አጥብቆ ይጋጠማል፤ ለመለየትም ብዙ ሙቀት ይጠይቃል። ሩቅ ከሆኑ ላልቶ ይጋጠማል፤ በጥቂት ሙቀትም ይላቀቃል። ስለዚህ የሙቀቱን ልክ በማየት የዝምድናውን ልክ ይገምቱ ነበር። የሥራቸው ውጤት በ1990 በታላቅ መጽሐፍ ታተመ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ደግሞ የዲ ኤን ኤውን ፊደል እየቈጠሩ በማንበብ፥ ከመጀመሪያው ሥራ አንዳንዱን አረሙ፥ አንዳንዱንም አጸኑ።

የገነት ዝንብ ያዦችን በተመለከተ የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። እነዚህ ወፎች ከሩፔል ወፍና ከሙሲካፓ ቤተ ሰብ ጋራ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ሞናርኪዴ የሚባል የራሳቸው ቤተ ሰብ አላቸው፤ ይህ ቤተ ሰብ ደግሞ የሚገኘው በታላቁ የቁራዎች ነገድ ውስጥ ነው። ስለዚህ በግቢያችን የምትበረው ቀይ ወፍ ከሌላዪቱ ዝንብ ያዥ ይልቅ ከጣሪያችን ላይ ለሚጮኸው ቁራ ትቀርባለች። የአሜሪካዎቹ ዝንብ ያዦችማ ከሁለቱም እጅግ የራቁ ሆነው ተገኙ።

«የገነት ቁራ» ሲባል የሳቅን ሁሉ አሁን ዝም አልን። ይሁንና ለሊኔየስ ከሚገባው በላይ ምስጋና ልንሰጠው አይገባም። በ1758 የዘር መልእክትን ሊያነብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ እርሱም ይህን ዝምድና ዐውቆ አልጻፈውም፥ ቃሉ በአጋጣሚ ወደ እውነት ቀረበ እንጂ። ያለ ማስረጃ እውነት የተናገረና በማስረጃ እውነትን ያገኘ አንድ አይደሉም። የሒሳብ መምህራችን መልሱ ትክክል ሆኖ ስሌቱ የሌለበትን ወረቀት ሙሉ ማርክ የማይሰጡት ስለዚህ ይመስለናል።

የቀረው ጥያቄ «ቪሪዲስ» የሚለው ስም ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ለምን አይለወጥም የሚለው ነው። በክበባችን ስብሰባ ላይ ብዙዎቻችን ይለወጥ አልን፤ «ውሸት መሆኑን እያወቁ መጻፍ ለሳይንስ ነውር ነው» ያለም ነበር። የሳይንስ ሕግ ግን የሚፈርደው በሌላ መንገድ ነው። በ1842 ስትሪክላንድ የተባለው እንግሊዛዊ የመራው ጉባኤ፥ ቻርልስ ዳርዊንም አባል የነበረበት፥ የቀደመ ስም እንዲጸና የሚያዝ ደንብ አወጣ። በ1895 ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስም ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ በ1961 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስም ሕግ ታተመ፤ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት አራተኛው እትም ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ስም ትርጉሙ ከእንስሳው ጋራ አልተስማማም ተብሎ አይሻርም።

ምክንያቱን ካሰብንበት በኋላ ሕጉ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ስም መጥሪያ እንጂ ሐተታ አይደለም። ሀብታሙ የሚባል ድኻ ቢኖር ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ስም ይጠራዋል እንጂ «ሀብት እስክታገኝ ሌላ ስም ያዝ» የሚለው የለም። ሰው ሁሉ የተሻለ የመሰለውን ስም እየተካ ቢሄድ፥ የዛሬ 100 ዓመት የተጻፈውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስለ የትኛዋ ወፍ እንደሚናገር አያውቅም፤ ከሊኔየስ በፊት ወደ ነበረው ድብልቅልቅም እንመለሳለን። ስለዚህ ሳይንስ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አስቀመጠ። የዝርያው ስም ቢሳሳትም ይጸናል፤ የወፏ ቦታ ግን ማስረጃ በተገኘ ቍጥር ይታረማል። ወፋችንም «አረንጓዴ» እንደ ተባለች ከሙሲካፓ ወጥታ ቴርፕሲፎኔ ገባች፤ ከዝንብ ያዦች ቤተ ሰብም ወጥታ በቁራዎች አጠገብ ቤቷን ሠራች። ሰውም እንዲሁ ስሙን ይዞ ሐሳቡን ሊያርም ይችላል።

እኛም የራሳችንን ሐሳብ አረምን። የተጻፉትን ሁለት ካርዶች ቀደድናቸው። ከሁለቱ ሥዕሎች ግርጌ አንድ ሰፊ ካርድ ብቻ አኑረን፥ «ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ ፌሬቲ፤ የገነት ዝንብ ያዥ፤ አንድ ዝርያ፥ ሁለት መልክ» ብለን ጻፍን። ከታችም «ጎጆውን ያሳዩን የግቢያችን አትክልተኛ ናቸው» የሚል ቃል ጨመርንበት። እርሳቸው ይህን ባነበብንላቸው ጊዜ «ለወፍ ደግሞ ምስክር ሆንኩ?» ብለው ሳቁ።

ይህን ቃል ለመጨመር ያሰብነው ስለ ፌሬ ካነበብን በኋላ ነው። በወፏ ስም ውስጥ የሴኔጋል ሥዕል፥ የጀርመን ፕሮፌሰር፥ የግሪክ ቃል፥ የፈረንሳይም መኰንን አሉ። ዘመኑን ሁሉ ከዛፏ ሥር ሲኖር፥ እረኛም ሆኖ ሲያያት የኖረው ሰው የሰጣት ስም ግን በዚያ ውስጥ የለም። ይህ ለማንም ወቀሳ አይደለም፤ እነርሱ ያዩትን ጽፈዋል፥ እኛ ግን ያወቅነውን ሳንጽፍ ቈየን። የላቲኑ ስም ለዓለም ሁሉ የጋራ ነውና እንዲለወጥ አንጠይቅም፤ የአገር ስሞቿ ግን ተሰብስበው ሊጻፉ ይገባል።

ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ የምታነብቡ ወላጆች ሆይ፥ በተወለዳችሁበት አገርና በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ይህች ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ምን ተብላ እንደምትጠራ በልጆቻችሁ በኩል ጽፋችሁ እንድትልኩልን በአክብሮት እንለምናለን። እኛም የመጣልንን ስም ሁሉ ከነአገሩና ከነነጋሪው በአንድ ደብተር መዝግበን በክበባችን እናኖረዋለን። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ስሕተት ያገኙብን እንደ ሆነም፥ ስማችንን ሳይፍቁ ስሕተታችንን ያርሙልን።